ከሶፋው በላይ የተሰቀለው ሐይቅ

የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ቦሌ ውስጥ ሶፋ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐይቅም አብሮ ይገዛል። ሐይቁ ባለ ሦስት ቁራጭ ነው፤ ከሶፋው ርዝመት ጋር እንዲመጣጠን። ግራና ቀኝ ቅጠላቸው ደም የመሰለ ዛፎች ተሰልፈዋል፣ መሐል ላይ ውሃው ቀዩን መልሶ ያሳያል፣ ጥግ ላይ አንድ ባዶ ጀልባ ተጥሏል። በእጅ የተሣለ ለማስመሰል በላዩ ላይ ግልጽ ሙጫ የተለቀለቀ ኅትመትም አይጠፋም። ከመደብሩ ደጅ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሴቶችና ልጆች ቄጤማና አደይ አበባ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ይሸጣሉ። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ጫማ ሥር ጭቃ አለ። መስታወቱ ውስጥ ቅጠል ይረግፋል፣ ደጅ አበባ ይፈነዳል፤ ወሩ ግን አንድ ነው።

በዚህ ትዕይንት መሳቅ ቀላል ነው። የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ሰዎችም ሲስቁበት ኖረዋል። ሳቃቸው ግን አንድ ፍርድ ያዘለ ነው፦ መልክዓ ምድር፣ እነሱ ላንድስኬፕ የሚሉት፣ የሳሎን ዕቃ ነው፤ ቁም ነገረኛ ሠዓሊ ሰው ይሥላል ወይም ረቂቅ ይሠራል፤ ሐይቅና ዛፍ ለሆቴል ኮሪደር፣ ለቱሪስትና ለጀማሪ ይተዋል። ይህ ፍርድ የትም ተጽፎ አይገኝም። የሚሰማው በዐውደ ርእይ መክፈቻ ምሽት፣ ብርጭቆ በእጅ ተይዞ፣ "ያምራል" በሚለው ቃል አነጋገር ውስጥ ነው። ሐይቅ ሥሎ ያቀረበ ወጣት "ያምራል" ከተባለ በትሕትና ተሰናበተ ማለት ነው።

ፍርዱ ስሕተት ነው። ከዚያም ብሶ፣ የተናቀው ገዥና የናቀው ሠዓሊ ስለ ሐይቅ አንድ ዓይነት እምነት አላቸው፤ ሁለቱም ሐይቅ ማለት ያ ከሶፋው በላይ ያለው እንደሆነ ተስማምተዋል። አንዱ ይገዛዋል፣ ሌላው ይጸየፈዋል። ቢሾፍቱ ድረስ ሄዶ ያየ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

ናቂዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ባለፉት ዓመታት የኢትዮጵያን ሥዕል ለዓለም ያሳዩት ሥራዎች ሲቆጠሩ ሐይቅ የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ድንኳን ስትከፍት የቀረበው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ነበር፤ የሰው ገላ፣ የተጠላለፈ እግር፣ የሚያፈጥ ዓይን። ቦሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ ለዓለም ካስተዋወቃቸው ሥራዎች መካከል የታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶች ይገኙበታል፤ ቆመው፣ እንደ ዓምድ፣ ከኋላቸው አድማስ ሳይኖር። የመሪኮከብ ብርሃኑ ረቂቅ ሥዕሎችም አሉ። እነዚህ ሥራዎች ክብራቸውን ሠርተው ነው ያገኙት፤ እዚህ ጋ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው የነሱ መክበር ለመልክዓ ምድር መናቅ ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ነው። የጤፍ እንጀራ መጣፈጡ ገብስን አያረክሰውም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራከሪያ "ዘውጉ የፈረንጅ ነው" የሚለው ነው። እውነትነት አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል መልክዓ ምድር ለብቻው አይቆምም፤ በኋለኛው የጎንደር ስልት ቅዱሳኑ የሚታዩት ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ በሚሻገር መደብ ላይ ነው፤ ተራራም ወንዝም የለም። ነገር ግን በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው ብዙ ነገር አብሮ ማባረር ይኖርበታል። አገኘሁ እንግዳ የዘይት ቀለም ሥዕልን የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ ሄደው ነው። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው ነው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት። ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቁን ይዞ የመጣው ከኮሎኝ ነው፤ በዘመኑም "ይህ የኛ አይደለም" ተብሎ ተነቅፎበታል። ያንን ነቀፋ ዛሬ ደፍሮ የሚደግም የለም፤ ያፍራል። ሐይቅ ለሣለ ሰው ግን ያው ነቀፋ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በር ላይ ይጠብቀዋል። (ዘይቱስ ቢሆን? የዘይት ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት የታሸ ነው። ተልባ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ከሆነ ጾሙን ሁሉ በምን ፈታነው?)

ደግሞም ስለ ወቅቱ ከተነሣ፣ አገሩ ውስጥ የቆየ ዐዋቂነት አለ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ተርጓሚዎች ለፈረንጆቹ የቅጠል መርገፊያ ወቅት መፀውን ይሰጡታል፤ አንዳንዱ መኸር፣ አንዳንዱ በልግ ይለዋል። በወር ቆጠራ መፀው ትክክል ነው። ዓይን ግን አይቀበለውም፤ ምክንያቱም የኛ መፀው የሚከፈተው በዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን፣ ሊቃውንቱ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ፤ ሜዳ ላይ የፈነዳው አበባ የእመቤታችንና የልጇ ምሳሌ ሆኖ ይዘመራል። ምድር ላይ የሚታየውን ቀለም አይቶ ሌላ ነገር መናገር፣ ይህ እኮ ነው በሥዕል ቋንቋ "ኤክስፕረሲቭ" የሚባለው። ቦሌ መድኃኔዓለም ቅጥር ውስጥ ማኅሌቱ ሲቆም ከመንገዱ ማዶ ያለው የመደብር መስታወት የቀይ ቅጠል ሐይቁን እንደያዘ ያድራል።

ቀዩ ቅጠል በተፈጥሮው የቦታ ጉዳይ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲገባ ዛፉ አረንጓዴ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ማፍረስ ይጀምራል፤ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል፣ እንደ ሜፕል ባሉት ዛፎች ላይ ቀዩ በዚያው ሰሞን ይመረታል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እዚህ ዛፍን የሚያዝዘው ዝናብ ነው። ጥላው ራሱ ሌላ ነው። በመስከረም መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቦሌ ላይ እስከ 75 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች፤ 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው ጥላ ግማሽ ሜትር አይሞላም። በዚያው ቀን በካናዳው አልጎንኩዊን ደን ፀሐይዋ 40 ዲግሪ አትሞላም፤ የዚሁ ሰው ጥላ ከራሱ ቁመት ይበልጣል። እንግዲህ በረጅም ጥላና በአግድም ብርሃን የተሠራን ሥዕል እዚህ መገልበጥ ማለት ሌላ አገር ያለችን ፀሐይ መገልበጥ ነው። ሥዕሉ ለምን እንደማይሞቅ ገዥው ላያውቅ ይችላል፤ ሠዓሊው ግን ማወቅ ነበረበት።

አልጎንኩዊን የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ከሶፋ በላይ ያለው ሐይቅ አያት ካለው፣ አያቱ ቶም ቶምሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 የተወለደው ቶምሰን ቶሮንቶ ውስጥ ለማስታወቂያ ድርጅት የሚሠራ ሠራተኛ ነበር። ከ1912 ጀምሮ ታንኳ ይዞ ወደዚያ ደን መመላለስ ያዘ፤ እንጨት ላይ፣ 21 በ27 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ትንንሽ ሳንቃዎች፣ ውጭ ተቀምጦ፣ የዘይት ቀለሙን እያወፈረ፣ አንዳንዴ ሳንቃውን በከፊል ባዶ ትቶ ሐይቁንና መፀውን ሣለ። ካኑ በተባለው ሐይቅ ላይ ሐምሌ 1917 እስኪሞት ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳንቃዎች ጨርሷል።

ለቦሌ ሰው ጆሮ የሚገባው ግን የቶምሰንን ሥራ በአገሩ እንዴት እንደተቀበሉት ነው። በዚያ ዘመን የሞንትሪያልና የቶሮንቶ ባለ ጸጎች በሳሎናቸው የሚሰቅሉት የሆላንድ ሥዕል ነበር፤ ጉም የለበሰ መስክ፣ ላም፣ የንፋስ ወፍጮ። የራሳቸው ሰሜን፣ ድንጋዩና የተወላገደው ጥድ፣ ለሥዕል የማይበቃ ሻካራ ነገር ይመስላቸው ነበር። የቶምሰን ጓደኞች ሥራ መታየት ሲጀምር በ1913 አንድ የቶሮንቶ ጋዜጣ ጸሐፊ ስልታቸውን "የትኩስ ገንፎ ትምህርት ቤት" ብሎ ተሳለቀበት። በ1920 እነዚያው ጓደኞቹ የሰባቱ ቡድን በሚል ስም ተሰባሰቡ። የቶምሰን የተወላገደ ጥድ ዛሬ ኦታዋ፣ ብሔራዊ ጋለሪው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ካናዳውያን አገራቸውን በሱ ዓይን ማየት ለምደዋል። ነገሩ ይገርማል፦ ካናዳዊው የሆላንድን ላም አውርዶ የራሱን ሐይቅ ሰቀለ፤ እኛ ደግሞ የካናዳውን ሐይቅ ሰቀልን።

ቶምሰንን የሚጠቅስ ሰው በሌላ በኩል ይያዛል፤ "ካናዳ ሰላም ነበረች፤ እዚህ ሰው እየተፈናቀለ፣ እየራበው፣ ሐይቅ መሣል ሽሽት ነው" ይባላል። ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ከልብ የሚመጣም ስለሆነ በቀልድ አይታለፍም። መልሱን ለማግኘት ግን ከቦሌ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጎሮ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ የያዘ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቢሾፍቱ ይገባል። ከተማዋ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ላይ በተኙ ሐይቆች የተከበበች ናት፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ቢሾፍቱ፣ በውስጡ በሚያድገው ጥቃቅን ሕይወት ስሙን ያገኘው አረንጓዴ ሐይቅ። ሆራ አርሰዲ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ኢሬቻ የሚከበርበት ነው፤ ክረምቱን ላሻገረ ፈጣሪ ምስጋና የሚቀርብበት፣ እርጥብ ሣርና አደይ በእጅ ተይዞ ወደ ውሃው የሚወረድበት። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው ሐይቅ ዳር በተፈጠረው መተፋፈግ በይፋ በተነገረው ቁጥር ብቻ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሆራን በመፀው የሚሥል ሠዓሊ ያንን ውሃ ነው የሚሥለው። አንድም ሰው ሸራው ላይ ባይኖር፣ ሣሩና አደዩ ብቻ ዳር ላይ ተጥሎ ቢታይ፣ የትኛው ተመልካች ነው "ያምራል" ብሎ የሚያልፈው?

ጣናም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ይዞታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው በእጁ ሊነቅለው ውሃ ውስጥ ገብቷል። እምቦጭ ከሩቅ ሲታይ ደስ ይላል፤ ወፍራም አረንጓዴ ምንጣፍ፣ በላዩ ሐምራዊ አበባ። ዳር ላይ ያለው አደይ ቢጫ ነው። ቢጫና ሐምራዊ በቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙ ተቃራኒዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያቀጣጥለዋል። በአንድ በኩል ዓመት ዓመቱን የሚጠበቅ አበባ፣ በሌላ በኩል ዓሣ አስጋሪውን ከታንኳው ያስወረደ አበባ። ይህን ለመናገር መፈክር አያስፈልግም፤ ሁለት ቱቦ ቀለምና ቦታው ላይ መቆም ይበቃል። ሐረማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ ሥዕሉን ይዞ የቀረ ስንት ሠዓሊ ነበር? ለምሥራቅ አዲስ አበባም ያው ጥያቄ ይነሣል። ቦሌ አራብሳና ከጎሮ ወዲያ ያለው ምድር ከሃያ ዓመት በፊት እርሻ ነበር፤ በኅዳር ጤፉ ሲበስል መልኩ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ የዘይት ቀለም ሥዕል ሊፈልግ የወጣ ሰው ብዙ ይደክማል። ሠዓሊው ስቱዲዮው ውስጥ ሆኖ መልክዓ ምድርን ሲንቅ መልክዓ ምድሩ ሄደ።

ደግሞ ዘውጉ ሞቷል ለሚሉት፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠራቻቸው ሁለት ግዙፍ ሸራዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ8 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። መነሻዎቹ ሁለት ናቸው፤ የአሜሪካ ምዕራብ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመልክዓ ምድር ሥዕሎች፣ በላያቸው ላይ ደግሞ የሁከት ፎቶግራፎች። ረቂቅ ነው፣ እርግጥ። ከሥሩ ያለው ግን ተራራና ሰማይ ነው። ገብረ ክርስቶስም ቢሆን በሸራው ረቂቅን ሲያስተዋውቅ፣ በግጥሙ አገሩን የናፈቃት በመሬቷና በአየሯ ነው።

አሁን ሐይቅ ወደሚሥሉት መዞር ተገቢ ነው፤ የነሱም ጥፋት ቀላል ስላልሆነ። ብዙ ወጣት ዛሬ "ኤክስፕረሲቭ" የሚለውን ቃል የሚማረው ከዩቲዩብ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰማዩ በሰፊ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ዛፎቹ በቀለም ቢላ ይመታሉ፣ ከሥር ያው ቀለም ተገልብጦ "ነጸብራቅ" ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ምንጮች አንዱ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ቪቴብስክ የተወለደው ሊዮኒድ አፍሬሞቭ። በቢላ የተመቱ እሳታማ መናፈሻዎቹን ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃቸዋል። አፍሬሞቭ የራሱን አገር ዝናብና የመንገድ መብራት አይቶ ነበር። ገልባጩ ያየው ስልክ ነው። ስሜትን መግለጽ ማለት ሳያዩ ቀለም መድፈቅ ከሆነ፣ ናቂዎቹ ትክክል ናቸው፤ ያ የሳሎን ዕቃ ነው፤ ወፍራም ቀለም ስላለው ብቻ ከኅትመቱ አይበልጥም።

በደርግ ዘመን ሌኒንግራድ ሄደው የተማሩ ሠዓሊዎች ሩሲያዊውን ኢሳክ ሌቪታንን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. የ1895ቱ "ወርቃማ መፀው" ቢጫ የበርች ዛፎችና ጥቁር ሰማያዊ ወንዝ ነው፤ ቀይ የለበትም ማለት ይቻላል። ከዚያ ሥዕል በርቹን ይዞ የተመለሰ ተማሪ ምንም አልተማረም። ጓሮ ያለውን ወርቅ መፈለግን ይዞ የተመለሰ ግን ኅዳር ላይ ስንዴና ጤፍ አዝመራ ያገኛል። ፖላንድ ክራኮቭ የተማረው ወርቁ ጎሹ በመልክዓ ምድር ሥዕሎቹ የሚታወቀው እንዲህ ያለውን መንገድ ስለመረጠ ነው። ሜትር አርቲስት ለማ ጉያም በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በቢሾፍቱ፣ እነዚያው ሐይቆች አጠገብ፣ የፍየል ቆዳን ሸራ አድርገው ሠርተዋል፤ ቁሱን እንኳ ከአካባቢው መውሰድ እንደሚቻል ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

የቀረው የሥራ ጉዳይ ነው፤ ሥራው ደግሞ ከክርክሩ ይከብዳል። ቱቦ ቀለም የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ ስለዚህ የቶምሰን ሳንቃ መጠን ለአዲስ አበባ ኪስ የተቆረጠ ይመስላል። ባቦጋያ ዳር የሚቀመጥ ሠዓሊ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ጥላ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ ሸንበቆው ቅርጽ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ሁሉን ትጠፈጥፈዋለች። አደዩን በንጹሕ ቢጫ የጀመረ ይሳሳታል፤ ነጭ ሲጨምርበት እንደ ኖራ ይሆናል፣ አረንጓዴ ሲነካው ይደበዝዛል። ከሥሩ ሐምራዊ ያዘለ ግራጫ በሳሳ ቀለም ቀድሞ ተሰጥቶ፣ ሲጠነክር ቢጫው ዘይቱ በዝቶና ወፍሮ በቢላ ሲጫንበት ነው አበባው ከመሬት የሚነሣው። የሳሳው ከሥር፣ የወፈረው ከላይ ካልሆነ ሥዕሉ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

የውሃው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ የቢሾፍቱ ሐይቆች የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንድ ዓመት ዓሣ የሚያልቀው በዚህ ሰሞን ነው። ሐይቁ ቅጠል ባይኖረውም የራሱ መፀው አለው። ያንን ለመያዝ መስከረም ላይ የተጀመረውን ሳንቃ ይዞ በኅዳር ተመልሶ መምጣት ያስፈልጋል፣ ያውም ወደዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ሰዓት። በዚያን ጊዜ አደዩ ረግፎ ግንዱ ብቻ ይቀራል፤ ቢጫው ያላለቀለት ሥዕል እስከሚቀጥለው መስከረም ግድግዳ ተደግፎ ይቆያል።